አልነሣ ስላለ ላፕቶፕና በውስጡ ስላለው ጽሑፍ አጠባበቅ



ቀድሞ የቆሎ ተማሪ ሀብቱ ደበሎው፣ አኮፋዳውና የተማረው ቃል ነበረ። ቃሉም በልቡ ስለ ተጻፈ ሌባ አይወስደው፣ ዝናብ አያርሰው ነበር። በዘመናችን ግን ብዙዎቻችን የምንማረውን የምንጽፈው፣ የመምህራንን ድምፅ የምናኖረው፣ የሰንበት ትምህርት ቤትን መዝገብ የምንጠብቀው በኮምፒዩተር ነው፤ ይልቁንም ላፕቶፕ በሚባለው፣ በእጅ ተይዞ በሚዞረው ዐይነት ነው። ይህ መሣሪያ ጥቅሙ ታላቅ ቢሆንም አንድ ቀን ማለዳ ማስነሻውን ሲጫኑት ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ደንግጦም ይቸኩላል፤ ቸኩሎም ሊድን ይችል የነበረውን በገዛ እጁ ያጠፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው፤ ነገር ግን ከኮምፒዩተር የፈሰሰውን ለመልቀም እንኳ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጊዜ በምን ተራ መመርመር እንደሚገባ ባጭሩ ለመግለጽ አስበናል።

በዶሃ የሆነው ነገር

በቀጠር ዋና ከተማ በዶሃና በአካባቢዋ በሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። ዓርብ በዚያ ሀገር የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ ክርስቲያኖች ለጸሎት በብዛት የሚሰበሰቡት በዓርብ ነው። በከተማዪቱ ደቡብ፣ በመሰይሚር፣ መንግሥቱ ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጠው ግቢ አለ፤ በዚያም የመጀመሪያው ሕንፃ፣ የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን፣ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2008) ተከፍቷል። ከዚያ ወዲህ የልዩ ልዩ ሀገር ሰዎች በየቋንቋቸው ይጸልዩበታል።

በዚህች ከተማ በሾፌርነት የሚሠራ አንድ ዲያቆን ወንድማችን አለ። ለዕረፍት ወደ ሀገሩ በተመለሰ ጊዜ የመምህሩን የጾመ ድጓ ትምህርት በስልኩ ቀድቶ ነበር። ስልኩ ስለ ሞላበት ድምፁን ወደ ላፕቶፑ አዛውሮ ከስልኩ ላይ አጠፋው። ከጥቂት ወራት በኋላ መምህሩ ዐረፉ። ስለዚህ የእኒያ አባት ድምፅ በዓለም ላይ የሚገኘው በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ሆኖ ቀረ። ላፕቶፑንም የገዛው አገልግሎ ካለፈ በኋላ፣ ወደ ሀገሩ ከሚመለስ አንድ የሌላ ሀገር ሰው ነበር።

በሐምሌ ወር በአንድ ዓርብ ላፕቶፑን በመኪናው ውስጥ ትቶ ከማለዳ እስከ ከቀትር በኋላ ቆየ። ማታ ሊከፍተው ቢሞክር አልነሣ አለ። በስልክ ቻርጀር ሰክቶ ቢያሳድረውም ለውጥ አላገኘም። በማግስቱ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙም አንዱንና ሌላውን ከነካካ በኋላ መሣሪያው በራ፤ ነገር ግን በመክፈት ፋንታ 48 አኃዝ ያለው ቁጥር ጠየቀ። ቁጥሩን የሚያውቅ አልነበረም። ጠጋኙ «ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫንልህ፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም» አለው። ዲያቆኑ ግን «ይቆይልኝ» ብሎ መሣሪያውን ይዞ ወጣ፤ በዚያው ከተማ እኖራለሁና በዚያው ሌሊት ደወለልኝ። ፍጻሜውን በስፍራው እንነግራችኋለን፤ አስቀድሞ ግን የነገሩን ሥር ማስረዳት ይገባናል።

ላፕቶፕ በምን ተራ እንደሚነሣ

አንድ ተማሪ ንባብ ቤት ሳይወጣ ዜማ ቤት፣ ዜማና ቅኔ ሳያይ መጻሕፍት ቤት አይገባም። ላፕቶፕም ከእንቅልፉ ሲነሣ እንደዚሁ በየደረጃው ነው የሚያልፈው። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል ወደ ዋናው ሰሌዳ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ በሰሌዳው ላይ በተተከለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም ነቅቶ ማስታወሻውን፣ ገጹንና የቁልፍ ሰሌዳውን ይመረምራል። ሦስተኛ፣ ይኸው ፕሮግራም ጽሑፍ ወደሚቀመጥበት ዲስክ ሄዶ ዊንዶውስን የሚጠራውን አስጀማሪ ይፈልጋል። አራተኛ፣ ዊንዶውስ ራሱ ተነሥቶ ባለቤቱን በስሙ ይጠይቃል።

ስለዚህ አዋቂ ሰው «ላፕቶፔ ተበላሸ» ከማለቱ በፊት «በየትኛው ደረጃ ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚህም ጋር ልናስተውለው የሚገባ አለ፤ ከአራቱ ደረጃዎች በሦስቱ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ጽሑፉን አይነካም። ቻርጀር ቢሞት፣ ገጽ ቢጨልም፣ ዊንዶውስም ቢታወክ፣ ዲስኩ ደኅና ከሆነ በውስጡ ያለው ሁሉ አለ። የቤቱ በር ስላልተከፈተ በቤቱ ያለው ንብረት ጠፋ አይባልም።

1ኛ፤ ምንም የሕይወት ምልክት ባያሳይ

መብራት ከሌለው፣ ድምፅም ከሌለው፣ ምርመራው ከግድግዳው ይጀምራል። በቀጠር የግድግዳው መሰኪያ እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርስ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በጎኑ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። ይህች ማብሪያ ተዘግታ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ሲጠብቁ ማደር ያጋጥማል። በዚያው መሰኪያ ላይ ሌላ ዕቃ ሰክቶ መፈተን ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። ከኢትዮጵያ ባለ ሁለት ጥርስ ቻርጀር ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ አስማሚው ላልቶ እንዳይሆን ይመልከት።

ቀጥሎ ቻርጀሩ ራሱ ይታያል። በላዩ የተጻፈው የዋት ቁጥር ላፕቶፑ ከሚፈልገው ማነስ የለበትም። ብዙዎቹ ላፕቶፖች 45 ወይም 65 ዋት ሲፈልጉ የስልክ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ከ20 ዋት አይበልጥም። ጫፉ ስለ ገጠመ ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም፤ ፈጽሞ የደከመ ባትሪ በእንዲህ ያለ ቻርጀር ላይነቃ ይችላል። በዲያቆኑ ላይ የሆነው የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነበር።

የዶሃ ሙቀት ደግሞ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። በሀገራችን ክረምት በሚሆንበት ወራት በዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይልቃል። ባትሪ እንዲህ በጋለ ጊዜ ጉዳት እንዳይደርስበት ኃይል መቀበልና መስጠት ያቆማል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ከፀሐይ አውጥቶ በጥላ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ይገባል። በማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የጋለው ዕቃ በድንገት ሲቀዘቅዝ እርጥበት በውስጡ ይቋጥራልና። እንደዚሁም አየሩ እርጥብ በሆነበት ወራት ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ውጭ ሲወጣ መነጽር ጤዛ እንደሚይዝ፣ ላፕቶፑም ጤዛ ሊይዝ ይችላል፤ ስለዚህ ደርቆ የአየሩን ሙቀት እስኪለምድ ሳያበሩ መቆየት ነው።

ከዚህ በኋላ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪውም የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ ማስነሻውን እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ተጭኖ መያዝ ይገባል። ይህም በሰሌዳው ላይ የቀረውን ኃይል አፍስሶ የተጣበቀውን ያላቅቃል። ከዚያ በትክክለኛው ቻርጀር ሰክቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነኩ ትቶ እንደ ገና መሞከር ነው።

2ኛ፤ መብራት እያሳየ ገጹ ቢጨልም

ማራገቢያው ሲዞር ቢሰማ፣ መብራቱም ቢታይ፣ ገጹ ግን ጨለማ ቢሆን፣ መሣሪያው ነቅቶ ዐይኑ ብቻ ታውሮ ይሆናል። በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ በገጹ ላይ በአግድም ቢያበሩበት ደብዛዛ ጽሑፍ ከታየ የጠፋው የገጹ ብርሃን ነው። በኤች.ዲ.ኤም.አይ. ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ ማየትም ይቻላል፤ ሥዕሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ከወጣ ጽሑፉን ወዲያውኑ ገልብጦ ማዳን ነው። ምንም ካልታየ የተሰካውን ሁሉ፣ ማተሚያም ሆነ ፍላሽ፣ ነቅሎ እንደ ገና ማስነሣት ይገባል። መሣሪያው በተወሰነ ቁጥር ቢጮህ ወይም መብራቱን ቢያርገበግብ ቁጥሩን ቆጥሮ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሠሪው በመመሪያው ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሚያመለክት ገልጿልና።

3ኛ፤ የሠሪውን ዐርማ አሳይቶ ቢቆም

ዐርማው ከታየ በኋላ «የሚነሣበት ዲስክ የለም» የሚል ቃል ቢወጣ፣ መነሻው ፕሮግራም ዲስኩን ፈልጎ አጥቶታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወደ መነሻው ፕሮግራም ገጽ ገብቶ ዲስኩ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ማየት ይገባል። ለመግባት መሣሪያው ሲነሣ አንድን ቁልፍ ደጋግሞ መምታት ነው፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤች.ፒ. ኤፍ 10፣ በሌኖቮ እንደ ዐይነቱ ኤፍ 1 ወይም ኤፍ 2 ነው።

ዲስኩ በዝርዝሩ ከሌለ ወይ ከስፍራው ላልቷል፣ ወይም ሞቷል። ካለ ግን ቀድሞ የሚጠራው እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ፍላሽ ተሰክቶ ቀርቶ መሣሪያው ከዚያ ልነሣ ሲል የሚቆምበት ጊዜ አለና። ከዚህ ውጭ በዚያ ገጽ ላይ ያለውን አንዳች ነገር መለወጥ አይገባም፤ ቢለወጥም አስቀድሞ የነበረውን በወረቀት ላይ መጻፍ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ግዴታ ነው። የዚህ ማስጠንቀቂያ ምክንያት ኋላ ይታያል።

ዲስኩ በውስጡ የሚሽከረከር የቀድሞው ዐይነት ሆኖ የመንኳኳት ድምፅ ቢያሰማ ግን ወዲያውኑ ማጥፋት ይገባል። ባበሩት ቁጥር ጉዳቱ ይብሳል፤ ከዚህ በኋላ ሥራው የባለሙያ ነው።

4ኛ፤ ወደ ማገገሚያ ክፍል አልገባ ቢል

ዊንዶውስ ራሱን የሚጠግንበት፣ ሪከቨሪ የሚባል የተለየ ክፍል አለው። ዊንዶውስ ለመነሣት ደጋግሞ ሲያቅተው ወደዚህ ክፍል ራሱ ይገባል። ካልገባ መሣሪያው ሲነሣ ማስነሻውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ በማጥፋት፣ ይህንም ሁለት ሦስት ጊዜ በመድገም እንዲገባ ማድረግ ይቻላል። በዚያም መነሻን መጠገን፣ የቅርቡን ማሻሻያ ማውጣት፣ ወደ ቀደመ ቀን መመለስና በጥቂቱ ብቻ መነሣት የሚባሉ ምርጫዎች ይገኛሉ። እነዚህ የግል ጽሑፍን አያጠፉም። «ሁሉንም አስወግድ» የሚለው ምርጫ ግን ስሙ እንደሚናገረው ነው፤ ጽሑፉ በሌላ ስፍራ መኖሩ ሳይረጋገጥ መጫን አይገባም።

ይሁን እንጂ የማገገሚያው ክፍል ራሱ የሚታወክበት ጊዜ አለ። በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) የወጣው የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ በዚህ ክፍል ውስጥ በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰኩትን የቁልፍ ሰሌዳና ማውስ እንዳይሠሩ አደረገ። ክፍሉ ይከፈታል፤ ነገር ግን የገባው ሰው ምንም ለመምረጥ አይችልም። ማይክሮሶፍት ማረሚያውን ያወጣው በጥቅምት 10 ቀን ነበር። በዚህ መካከል ለተቸገረ ሰው የሚረዳው ከመሣሪያው ውጭ የተዘጋጀ የመነሻ ፍላሽ ነው።

ይህን ፍላሽ ደኅና በሆነ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ ከማይክሮሶፍት በነጻ በሚገኘው ፕሮግራም፣ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት ይቻላል። በታመመው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ፣ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ 12፣ በኤች.ፒ. ኤፍ 9 እየመቱ ከፍላሹ ማስነሣት ነው። ከዚያ «ጫን» የሚለውን ሳይሆን «ኮምፒዩተርህን ጠግን» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው የብዙ ዓመት ድካም ነው።

የአፕል ላፕቶፕ ያለው ሰው፣ መሣሪያው የአፕል የራሱ ቺፕ ያለው ከሆነ፣ የመነሻ ምርጫዎች እስኪታዩ ድረስ ማስነሻውን ተጭኖ ይያዝ፤ የኢንቴል ከሆነ ሲያስነሣው ኮማንድና አር ቁልፎችን አብሮ ይያዝ። ይህም ካልሆነ በሌላ የአፕል ኮምፒዩተርና በገመድ መነሻውን ፕሮግራም ማደስ ይቻላል። በዚያም ሁለት ምርጫ አለ፤ ሪቫይቭ የሚባለው ጽሑፉን ሳይነካ ለማደስ የተሠራ ሲሆን፣ ሪስቶር የሚባለው ሁሉን ያጠፋል።

5ኛ፤ የ48 አኃዝ ቁልፍ ቢጠይቅ

አሁን ወደ ዲያቆኑ ነገር እንመለስ። ዊንዶውስ ቢትሎከር በሚባል ዘዴ ዲስኩን በምስጢር ጽሕፈት ይቈልፋል፤ በብዙ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ላይም ይህ የሚደረገው ባለቤቱ ሳያስበው ነው። ቁልፉን የምትጠብቀው በሰሌዳው ላይ ያለች ቲ.ፒ.ኤም. የምትባል ቺፕ ናት። መሣሪያው በተነሣ ቁጥር መነሻው እንደ ተቈለፈበት ቀን መሆኑን ታያለች፤ እንደዚያው ከሆነ ቁልፉን ትሰጣለች፤ ተለውጦ ካገኘችው ግን እንደ ታማኝ በረኛ ዝም ትላለች። ያን ጊዜ ባለቤቱ 48ቱን አኃዝ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። የዲያቆኑ መከራ እዚህ ላይ ነበር፤ አካውንቱ የቀድሞው ባለቤት ነበረ፣ ያም ሰው ሀገሩ ገብቷል፣ አድራሻውም አይታወቅም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅነው፤ «ወንድሜ፣ ቁጥሩን መጠየቅ የጀመረው መቼ ነው?» «ከጠጋኙ እጅ በኋላ ነው» አለ። እንግዲያስ በረኛዪቱን ያስደነገጣት ጠጋኙ የለወጠው ነገር መሆን አለበት ብለን ወደ መነሻው ፕሮግራም ገጽ ገባን። ሴኪዩር ቡት የተባለው፣ ያልታመነ አስጀማሪ እንዳይገባ የሚከለክለው ጥበቃ፣ ጠፍቶ አገኘነው። ወደ ቀድሞው መልሰን፣ አስቀምጠን አስነሣነው። ላፕቶፑም ቁጥር ሳይጠይቅ ተከፈተ። በዚያች ሌሊት ከሁሉ በፊት ያደረግነው የመምህሩን ድምፅ በሁለት ፍላሽ መገልበጥ ነበር፤ ቀጥሎም የቁልፉን 48 አኃዝ በወረቀት ላይ ጻፍን። አንደኛው ፍላሽ ወደ ሀገር በሚሄድ ተሳላሚ እጅ ተላከ።

ያ ሁሉ ማጥፋት ቢፈቀድ ኖሮ ላፕቶፑ በግማሽ ሰዓት ይነሣ ነበር፤ የመምህሩ ድምፅ ግን ዳግመኛ አይሰማም ነበር። ጠጋኙን ልንወቅሰው አንወድም፤ እርሱ የተጠየቀው መሣሪያውን እንዲያስነሣ ነበረና። በውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ለጠጋኝ ሲሰጡ አስቀድሞ «ጽሑፉ እንዳይጠፋ» ብሎ በግልጥ መናገር የባለቤቱ ፋንታ ነው።

ቁልፍን አስቀድሞ ስለ መጻፍ

ይህ የአንድ ዲያቆን ችግር ብቻ አይደለም። በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024)፣ በወርኀዊው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ዕለት፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበትን ማሻሻያ በዓለም ሁሉ በተነ። ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ሰማያዊ ገጽ እያሳዩ ለመነሣት አቃታቸው፤ የአውሮፕላን ጉዞዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ታወኩ። ኩባንያው ስሕተቱን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሶታል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የወደቀ መሣሪያ መልእክቱን ሊቀበል ስለማይችል፣ ብዙዎቹን ሰው በየአንዳንዱ ፊት ቆሞ፣ ወደ ማገገሚያው ክፍል ገብቶ፣ አንዲቱን የተበላሸች ፋይል ማጥፋት አስፈለገው። ዲስኩ በቢትሎከር የተቈለፈበት ሁሉ 48ቱን አኃዝ መፈለግ ነበረበት። ቁልፋቸውን በሥርዓት የጻፉት ፈጥነው ተነሡ፤ ያልጻፉት ብዙ ደከሙ።

ስለዚህ ላፕቶፕህ ደኅና ሳለ፣ ዛሬውኑ፣ ሦስት ነገር አድርግ። ቁልፉን ከአካውንትህ አውጥተህ በወረቀት ላይ ጻፍ፤ ወረቀቱንም ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አታኑር። ያገለገለ መሣሪያ ከገዛህ በራስህ አካውንት እስኪሆን ድረስ ያንተ ነው አትበል። የምትወደውን ጽሑፍ በሦስት ስፍራ አኑር፤ አንዱም ከምትኖርበት ቤት ውጭ ይሁን።

ይህ የመጨረሻው ምክር ለእኛ አዲስ አይደለም። አባቶቻችን መጽሐፍን እየገለበጡ ለየአድባራቱ ባያዳርሱ ኖሮ፣ በአንዱ ቤት በተነሣ እሳት ስንቱ ድርሳን በጠፋ ነበር። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ከ9,000 የሚበልጡት ቅጂያቸው በሀገር ውስጥና በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል ባለው ገዳም እንዲቀመጥ ሆኗል። ብራናው ያለው በአንድ ስፍራ፣ ቃሉ ግን በሦስት ስፍራ ሆነ ማለት ነው።

ላፕቶፕ ዕቃ ነው፤ ያረጃል፣ ይሞታል፣ ሌላ ይገዛል። በውስጡ ያለው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ሌላ የለውም። እንግዲህ መሣሪያህ አንድ ማለዳ አልነሣ ቢልህ እጅህን ሰብስበህ ተቀመጥ፤ የቆመበትን ደረጃ ፈልግ፤ የነካኸውን ሁሉ ጻፍ፤ «ሁሉንም አስወግድ» የሚለውንም ከሁሉ በኋላ አድርገው። ዲያቆኑ ዛሬ ከሥራ ሲመለስ የመምህሩን ዜማ እየሰማ ይቀጽላል፤ የተላከውም ቅጂ በመምህሩ ጉባኤ ቤት ለሚማሩት ደርሶ ይሰማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።